«ስርጭታችንን አቋርጠን…» አይቅርብን

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲተላለፍ ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለሰበር ዜና ሲሉ ፕሮግራም ማቋረጥ ይተው ይላሉ። ሐሳባቸውን በአምስት ነጥብ ነው ያስቀመጡት። ሰው ሁሉ ስልክ ስላለው ዜናውን ቀድሞ ይሰማል። ላልሰማው ደግሞ ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ ይበቃዋል። «ሰበር» የሚለው ቃል ከመብዛቱ የተነሣ ረክሷል። በችኮላ የሚገባ ዜና ስህተት ይዞ ይገባል። በመጨረሻም ተመልካች ይናደዳል፣ ጣቢያውም ከማስታወቂያ የሚያገኘውን ያጣል።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ «ልክ ነው» እያልኩ አንብቤዋለሁ። መደምደሚያው ግን አልዋጥልህ አለኝ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

አስቀድሜ ከየት ሆኜ እንደምናገር ልንገራችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። ሥራዬ ዲሽ መትከልና ሪሲቨር መጠገን ነው። ከሸዋ በር እስከ ሮቢት፣ ከሆጤ እስከ ገራዶ፣ ጣሪያ ላይ ያልወጣሁበት ሰፈር ጥቂት ነው። ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የሄዱ ጊዜ ዲሹን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ሳዞር ነው የከረምኩት። ጣሪያው ላይ ሆኜ «መጣ ወይ?» እላለሁ፤ ከታች «ገና ነው!» ይሉኛል። ሲመጣ ደግሞ ቡና ሳልጠጣ አይለቁኝም። እንዲህ እያልኩ ሰው ቴሌቪዥኑን ከማን ጋር፣ እንዴት እንደሚያይ በየቤቱ ተቀምጬ አይቻለሁ።

በስልኩ ነገር ልጀምር።

ስልክ መያዝ አንድ ነገር ነው፣ በስልክ ዜና ማግኘት ሌላ ነው። እኔ በምገባባቸው ቤቶች ኢንተርኔት ያለው ስልክ ብዙ ጊዜ የልጆቹ ነው። ልጁ ደግሞ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውሎ የሚገባው ማታ ነው። ወይ አዲስ አበባ ነው፣ ወይ ዓረብ አገር። እናት ጋ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ካርድ ሲሞላላት ትደውልበታለች፣ ሲደወልላት ታነሣለች፣ በቃ።

ኔትወርኩም አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ምናልባት ጸሐፊው ባሉበት ከተማ አልተቋረጠ ይሆናል። እኛ ጋ ግን ያን ጊዜ ስልክ ማለት መደወያ ብቻ ነበር። ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነበር፦ «ዜና ያለው ቻናል ጨምርልኝ።»

ከዚያ በፊትም ያየነው አለ። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ስለ ደሴ በአንድ ቀን ሁለት ተቃራኒ ነገር ተነገረ። አንዱ ወገን ከተማዋን ያዝን አለ፣ መንግሥት ደግሞ አልተያዘችም አለ። ስልክ ያለውም የሌለውም እኩል ግራ ገባው። የሀረጎን ቁልቁለት ፍራሽ ተሸክሞ የሚወርድ ሰው አይቻለሁ። «የት ነው የምትሄዱት?» እያለ ሽቅብ የሚመለስም አይቻለሁ። ስልኩ ያን ቀን ወሬውን አበዛው እንጂ አላጠራውም። እኛ ስንጠብቅ የነበረው አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ድምፅ ነው። የሚታወቀው ይህ ነው፣ የማይታወቀው ይህ ነው፣ ይህኛው መንገድ ክፍት ነው፣ ያኛው አይደለም የሚል። እንዲህ ያለውን ነገር ስሙን አስቀምጦ፣ ፊቱን አሳይቶ መናገር የሚችል ጣቢያ ነው። ስም የሌለው ገጽ ሲሳሳት ያጠፋዋል። ማን ይጠይቀዋል?

ደግሞ ስልክ የሚናገረው ለያዘው ሰው ነው። ቴሌቪዥን ለቤቱ ሁሉ ነው የሚናገረው። አባት፣ አያት፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት፣ ወለል ላይ የቤት ሥራ የሚሠራ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። ተያይተው «ምን እናድርግ?» ይላሉ።

የጃፓኑን ኤን ኤች ኬ እዚህ ላይ ባነሣ ደስ ይለኛል። ጃፓኖች በስልክ አይታሙም። የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያም ስልካቸው ላይ ይደርሳቸዋል። ቢሆንም ኤን ኤች ኬ ፕሮግራሙን ያቋርጣል፤ ያውም በሰከንዶች ውስጥ። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024፣ በአዲስ ዓመት በዓላቸው ዕለት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ላይ የኖቶ ልሳነ ምድር በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። የበዓሉ ዝግጅት ወዲያው ቆመ። ዜና አንባቢዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በትእዛዝ አነጋገር፣ ሱናሚ ይመጣል፣ አሁኑኑ ወደ ከፍታ ሽሹ እያለች ደጋግማ ጮኸች። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ልጅ እንኳ በሚያነበው ቀላል ፊደል ነበር። አጮሃጮሁም የታሰበበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011ዱ ታላቅ ሱናሚ ጊዜ የዜና አንባቢዎቹ አነጋገር የረጋ ነበር። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ተቀምጦ አሰበና የረጋ ድምፅ ሰውን ከመቀመጫው አያስነሳም ብሎ አሠራሩን ለወጠ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ተረት አይደለም። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ማጀቴ ደግሞ ከኛ ብዙም አይርቅም። በ2017 ዓ.ም. በአፋር በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የነበረው መናወጥ አዲስ አበባ ድረስ ቤት ሲነቀንቅ ነበር። ደሴ ራሷ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች፣ መሬቷ የሚንሸራተት ከተማ ናት። በርበሬ እየቀነጠሰች ድራማ የምታይ እናት በእንዲህ ያለ ሰዓት ከየት ትስማ?

ሁለተኛው ነጥብ፣ የግርጌው ጽሑፍ። እዚህ ላይ አጭር ልሁን።

እናቴ ማንበብ አትችልም። የግርጌው ጽሑፍ ሲያልፍ «ምን ይላል ልጄ?» ትለኛለች። መነጽሬን እስካነሣ ድረስ አልፏል። ሌላው ዙር እስኪመጣ እንጠብቃለን፤ በመሃል የሳሙናና የዘይት ማስታወቂያ ይገባል። በየቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ ሁሉም ሰፊ አይደለም። 21 ኢንች የድሮ ቴሌቪዥን ያላቸው ደንበኞች ዛሬም አሉኝ። በነሱ ላይ የግርጌው ጽሑፍ ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ነው የሚያልፈው።

የግርጌው ጽሑፍ ታሪክም የጸሐፊውን ሐሳብ አይደግፍም። በአሜሪካ የዜና ጣቢያዎች ላይ ቀኑን ሙሉ የማያቋርጥ የሆነው ከመስከረም 11 ቀን 2001ዱ ጥቃት (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ያን ቀን ጣቢያዎቹ ፕሮግራማቸውን ሁሉ አቁመው፣ ማስታወቂያም ትተው፣ ለቀናት ዜናውን ብቻ ነው ያስተላለፉት። መረጃው በአንድ አፍ ተነግሮ የማያልቅ ሆነ። ያኔ ፎክስ ኒውስ ከግርጌ ጽሑፍ ማስኬድ ጀመረ፣ ሲ ኤን ኤንና ኤም ኤስ ኤን ቢ ሲም ተከተሉት። ጽሑፉ የመጣው ለማቋረጡ ረዳት ሆኖ ነው፤ ምትክ ሆኖ አይደለም።

ሦስተኛው ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። «ሰበር» ረክሷል። እውነት ነው።

አንድ ማታ እናቴ ቤት ነበርኩ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ድራማው መሃል ላይ ነው፤ ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍት ነው። ድንገት ያ ከበሮ የሚመስል ድምፅ መጣ፣ ስክሪኑ ቀይ ሆነ፣ «ሰበር ዜና» አለ። እናቴ ሲኒውን አፏ ጋ አድርሳ ያዘችው። አልጠጣችም፣ አላስቀመጠችም። ወንድሜ ያን ሰሞን መንገድ ላይ ነበር። የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ወታደር ነው። እሷም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ዜናው ተነበበ። የአንድ ስብሰባ መጠናቀቅ ነበር። ተሳታፊዎቹ በውይይቱ መርካታቸው ተነገረ።

ጎረቤታችን «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔ ግን ተናደድኩ፤ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። ያ ቀይ ስክሪን በወሎ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስታውስ ጣቢያው አያውቅም? ልጇን ያልቀበረች፣ ቤቷን ጥላ ያልወጣች፣ ስልክ ይደወልልኛል ብላ ሌሊቱን ያልጠበቀች እናት እዚህ አካባቢ ስንት አለች? በእንዲህ ያለ ሰው ልብ ላይ ከበሮ የሚመታ ጣቢያ የሚናገረው ነገር ከድንጋጤው የሚመጥን መሆን አለበት።

እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን ቃሉ ስለረከሰ ሥራው ይቅር ማለት ሌላ ነገር ነው። ሐሰተኛ ብር ገበያ ውስጥ ገባ ተብሎ በብር መገበያየት አይቀርም።

እኛ ወሎዎች ስርጭት ሳይቋረጥ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ከማንም በላይ የከፈልንበት ጉዳይ ነው። በ1965 ዓ.ም. ሰው በየመንገዱ ዳር ሲረግፍ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተቋቋመ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነበር። ሕዝቡ የተራበውን ወገኑን በዚያ መስኮት አላየም። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ መጥቶ ያነሣው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ተመልካች ታየ። የለንደን ሰው ከአዲስ አበባ ሰው በፊት አየን ማለት ነው። አዲስ አበባ ያየው ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እያፈራረቀ አሳየው። በማግስቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ሞቶ ያለቀው ሰው ግን አስቀድሞ አልቋል። ዜናው የታየው ለተራበው ሊደርስለት አይደለም፣ ንጉሡን ለማውረድ እንጂ።

ሁለተኛም አለ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ የደርግ ፓርቲ የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቋሚነት በቀለም ማሰራጨት ጀመረ። ሰልፉ፣ ባንዲራው፣ አበባው ሁሉ በቀለም ታየ። በዚያው ጊዜ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው ቆረም ሜዳ ላይ ሰው በብርድ ሌሊት እየሞተ ያድር ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የማይክል በርክ ዘገባና የመሐመድ አሚን ምስል በቢቢሲ ወጣ። በዚያው ዕለት ማታ የአሜሪካው ኤን ቢ ሲ በዋናው ዜናው አስገባው። ከለንደን ቢሮው ብዙ ግፊት ካልመጣ የሚገባ አልነበረም። የዕለቱ ዝርዝር ሞልቷል ተብሎ ነበር። አንድ ሰው «ይህንን አስቁሙትና ይህን አስገቡ» ብሎ ስለተሟገተ ዓለም ቆረምን አየ። እርዳታውም ከዚያ በኋላ ጎረፈ።

አባቴ የዚያን ዘመን ነገር ሲያነሣ ስለ ቴሌቪዥን አያወራም፤ ቴሌቪዥን አልነበረንም። «ማን ሰምቶን?» ነው የሚለው። እኔ ግን ጸሐፊው ማቋረጥ ይቅር ሲሉ የምሰማው ያንን የአባቴን ቃል ነው። የተያዘለት ፕሮግራም ምንም ቢመጣ ይቀጥል ማለት፣ የሩቁ ሰው ሞት ተራውን ይጠብቅ ማለት ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ልግባ። ችኮላ ስህተት ያመጣል ይላሉ። ያመጣል። ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ከፈለጉ እኔም ልጨምርላቸው እችላለሁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ጤና መድን ሕጉ ውሳኔ ሰጠ። ሲ ኤን ኤንና ፎክስ ኒውስ ሕጉ ወደቀ ብለው ሰበር አሉ። ሕጉ ግን ጸንቶ ነበር። ስህተቱ እንዴት መጣ? ውሳኔው ረጅም ነው፤ መጀመሪያው ላይ ያለው ክፍል መንግሥት ያቀረበውን አንዱን ክርክር ውድቅ ያደርጋል። እሱን ያነበበ ሰው ሮጠ። ገጹን ቢገልጥ ሕጉ በግብር ሥልጣን መሠረት እንደጸና ያገኘው ነበር። ለጥቂት ደቂቃ ቀዳሚነት ተብሎ ነው ይህ ሁሉ።

ግን ልብ በሉ፣ እዚህ ጥፋቱ ማቋረጡ አይደለም፣ ገጹን አለመግለጡ ነው። ተቋርጦም ጨዋ ሆኖ መቆየት ይቻላል። ይህን የማውቀው ከአንድ የቆየ ስርጭት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963 በኒው ዮርክ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 ነው። ሲ ቢ ኤስ የቀን ድራማ እያሳየ ነበር። ድንገት ድራማው ጠፋና ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ያለበት ካርድ ወጣ። ከኋላው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ የዜና አንባቢው የዋልተር ክሮንካይት ድምፅ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ላይ በጥይት ተመቱ አለ። ፊቱ ያልታየው ካሜራው ስላልሞቀ ነው። የዚያን ዘመን ካሜራ እንደ ድሮው ሬዲዮ በአምፖል የሚሠራ ነበር። እስኪሞቅ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ጣቢያው ከዚያ በኋላ አንድ ካሜራ ሁልጊዜ ሞቆ እንዲጠብቅ አደረገ። የእኔ ሥራ ከእቃ ጋር ስለሆነ ይህች ነገር ሁልጊዜ ትገርመኛለች። አንድ ትልቅ ጣቢያ የዘመኑን ትልቅ ዜና ይዞ፣ ካሜራ እስኪሞቅለት በካርድ ሲያወራ!

ከዚያ ወዲህ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ ነው ለእኔ ትምህርት የሆነኝ። ሞተዋል የሚል ወሬ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ክሮንካይት ወሬውን አልደበቀም፣ ግን አላጸደቀውምም። ይህ አልተረጋገጠም እያለ ነበር የሚናገረው። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ38 ላይ ወረቀት ተሰጠው። መነጽሩን አደረገ፣ አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ያረፉበትን ሰዓትም ተናገረ። ለአፍታ ጉሮሮው ተዘጋ። ከዚያ ቀጠለ። አሜሪካኖች ፕሮግራማቸውንና ማስታወቂያቸውን ትተው አራት ቀን ያህል በዚያው ዜና ላይ ቆዩ።

ከዚህ ቀረብ ያለም አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2022 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የንግሥት ኤልዛቤት ሐኪሞች መሥጋታቸውን ገለጸ። ቢቢሲ አንድ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ጀምሮ የተለመደውን ፕሮግራም አቆመ። ዜና አንባቢው ጥቁር ክራቫት አድርጎ ተቀመጠ። ሁሉም ሰው ምን እንደሚመጣ ገምቷል። ጣቢያው ግን ስድስት ሰዓት ያህል «አርፈዋል» አላለም። ያለው ቤተ መንግሥቱ ካሳወቀ በኋላ፣ ማታ 12 ሰዓት ከ30 ላይ ነው። ማቋረጥና መቸኮል እንደሚለያዩ ከዚህ በላይ ማሳያ አላውቅም።

በኛም አገር ዝምታው ከችኮላው ያልተናነሰ ጉዳት አድርሷል። በ2004 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከሕዝብ ዓይን ጠፍተው ሳምንታት አለፉ። ሞተዋል፣ አልሞቱም የሚለው ወሬ ሰውን ሲያናቁር ከረመ። ነሐሴ 15 ቀን ጠዋት ቴሌቪዥኑ ማረፋቸውን ሲናገር ደሴ ላይ አንዳንዱ ሰው «ይሄኛውስ እውነት ነው?» ይል ነበር። በየጊዜው የሚነገረው ሰው ብቻ ነው በዋናው ቀን የሚያምነው።

ከጀርባ ያለው ሥራ ምን እንደሚመስልም ለማያውቅ ልንገር፤ ችኮላው የሚገባበት ቀዳዳ እዚያ ስለሆነ። ተቀርጾ ያለቀ ፕሮግራም ማስተላለፊያ ክፍሉ ውስጥ በሰዓት ተሰልፎ ነው የሚወጣው። ዜና ሲመጣ ተረኛው አርታኢ ነው መወሰን ያለበት። ይደውላል፣ አንባቢው ይቀመጣል፣ ጆሮው ላይ ያለችው ማዳመጫ «ገብተናል» ትለዋለች። ያ አርታኢ ሁለት ሰው ጠይቆ አረጋግጦ ከሆነ አንባቢው የሚያነበው ነገር አለው። ከበላይ «አሁን አስገባ» ተብሎ ብቻ ከሆነ አንባቢው አንዱን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ያዞራል። ተመልካች ይህንን ያውቃል። እናቴ እንኳ ታውቃለች፤ «ይሄ ልጅ የያዘው ነገር የለም» ትላለች።

አምስተኛው፣ ተመልካች ይናደዳል የሚለው ነው። ጸሐፊው ያነሡት ምሳሌ ትክክል ነው። ልዑል ፊሊፕ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 2021 ሲያርፉ ለቢቢሲ 109,741 ቅሬታ ደርሶታል። የጣቢያው ክብረ ወሰን ነው። ግን ሰው የተናደደው ለምንድን ነው? ቢቢሲ አንድና ሁለት ምሽቱን አንድ ዓይነት ነገር ስላስተላለፉ፣ ቢቢሲ አራትም ስለቆመ ነው። ዜናው ሲነገር አልተቃወሙም፤ ሌላ ምርጫ ስላጡ ነው። አንዱ ቻናል ዜናውን ይዞ ሌላው የተለመደውን ቢቀጥል ያ ሁሉ ቅሬታ አይመጣም ነበር።

ተመልካች ባለመቋረጡም ይናደዳል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን 1968 ኤን ቢ ሲ የኒው ዮርክ ጄትስንና የኦክላንድ ሬይደርስን የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ እያስተላለፈ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን የልጆች ፊልም ተይዞለታል ተብሎ ጨዋታው ሳያልቅ ወደ ፊልሙ ገቡ። ያኔ ጄትስ 32 ለ29 ይመራ ነበር። ሬይደርስ ከዚያ ወዲህ ባለችው ጊዜ ሁለት ጊዜ አስቆጥሮ 43 ለ32 አሸነፈ። ተመልካቹ ይህን ተአምር አላየውም። የጣቢያው ስልክ በጥሪ ብዛት ስለተጨናነቀ ውሳኔውን ለመቀልበስ የፈለጉት አለቆች ራሳቸው መግባት አቃታቸው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሳያልቅ እንዳይቆረጥ ተደረገ። የሰዓት ሰሌዳ ባሪያ መሆንም ይህን ያህል ያስቆጣል።

መሃል መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1994 በግድያ የተጠረጠረው የቀድሞ ስፖርተኛ ኦ ጄ ሲምፕሰን ያለበትን ነጭ መኪና ፖሊስ ሲከተል የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ጨዋታ እየተካሄደ ነበር። ኤን ቢ ሲ ስክሪኑን ከፍሎ ሁለቱንም አሳየ። ዛሬ ይህን ማድረግ ለኛም ጣቢያዎች የማይቻል አይደለም። ኳስ ስትሆን ትከፈል። ተቀርጾ ያለቀ ድራማ ሲሆን ደግሞ ይቁምና ዜናው ሲያልቅ ከቆመበት ይቀጥል። ድራማው እኮ አይሸሽም።

እዚህ ላይ ነው እኔ ጣቢያዎቹን የምከስሰው፤ ጸሐፊውም እዚህ ላይ ቢጽፉ ኖሮ አብሬ እፈርም ነበር። ብዙ ጊዜ ያቋርጡና ድራማውን ከኋላ እንዲሄድ ይተዉታል። ሲመለሱ አሥር ደቂቃ አልፏል። ይቅርታ የለም፣ ድጋሚው በዚህ ሰዓት ይቀርባል የለም። ማስታወቂያው ግን አንዱም አይቀርም፤ ስንመለስ ተደርድሮ ይጠብቀናል። ተመልካቹን የሚያናድደው ይሄ ነው። ሰው ሥራውን ትቶ፣ ልጁን ዝም አሰኝቶ፣ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለየ የተቀመጠበት ሰዓት ነው።

ያቺ ደብዳቤ የያዘች ልጅ ነገር ይኸው እንደዚያ ሆኖ ቀረ። ስብሰባው ተነብቦ ሲያልቅ ደብዳቤው ተከፍቶ፣ ተነብቦ፣ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ድጋሚው በማግስቱ ቀን ነበር፤ እኛ ሰፈር መብራት አልነበረም። እናቴ በሳምንቱ ሰኞ ገበያ ሄዳ ቅመም ከምትሸጥላት ሴት ጋር ተቀምጣ ነው ደብዳቤው ምን እንደሚል የሰማችው።